ከኤርፖርት ጤና ክትትል የተደወለው

ሐሙስ፣ የካቲት 5፤ ቤቴል

ወንድም ጋሼ ለንግድ ውጭ አገር ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ነገሩ አላማረኝም። ኤርፖርት ላይ ሙቀቱን ለክተው አሳልፈውታል፤ ግን የመጣው ተላላፊ በሽታ ከገባበት አገር ስለሆነ የጤና ክትትል ሠራተኞች በየቀኑ እየደወሉ ይጠይቁታል። እሱም “ደህና ነኝ፣ ትኩሳት የለኝም” ይላቸዋል።

ዛሬ ጠዋት አልጋውን ሳነጥፍ አንሶላው በላብ ርሷል። ትራሱ ስር ባዶ የፓራሲታሞል ማሸጊያ አገኘሁ።

“አሞሃል እንዴ?” አልኩት።

“ድካም ነው። ደግሞ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።”

እማዬ አስም አለባት። ናፍቋት ስለከረመ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ አትነሳም።

አመሻሹ ላይ ባኞ ቤት እያለ ስልኩ ጠራ። አነሳሁት። “ዛሬ እንዴት ዋሉ?” አለች የክትትሏ ልጅ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “እሱ የሚላችሁን አትመኑ። ነገ መጥታችሁ ራሳችሁ ለኩት” አልኳት።

ፊቱን እየጠረገ ወጣ። “ማን ነው?”

“በስህተት የተደወለ ነው።”

ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሩን አየው። ክፍሉ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። አሁን የሻንጣ ዚፕ ድምፅ ይሰማኛል። ልብሱን እያወጣ ይሁን እያስገባ እንጃ።