የልብስ ሰፊዋ መኪና ሞተሪኖ

ጥቅምት 3
የሚስቴ ታላቅ እህት መኪናቸውን አስጎትተው ጋራዥ አመጡ። ባላቸው የተዉላቸው፣ ከእኔ እኩል ዕድሜ ያላት አሮጊት መኪና ናት። የሰፉትን የተማሪ ልብስ በየትምህርት ቤቱ የሚያደርሱት በእሷ ነው። አልነሳ ብላለች።
«ቀጭ ትልና ዝም ትላለች» አሉኝ። ቁልፉን አዞርኩ... ምንም።
«ኧረ እትዬ፣ ድምፅም የላትም።»
«አሁን ራሱ ቀጭ አለች እኮ!»
ዘንድሮ ደንበኛ ሁሉ መካኒክ ሆኗል።

ጥቅምት 4
ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አወረድኩ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ካርቦኖች አልቀዋል። ሞተሩን ነክሶ የሚያዞረው ጥርስ የሚንሸራተትበት ዘንግ ዝጓል። ካርቦኑን ቀየርኩ፣ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ወፍራም ቅባት ለቀለቅኩት። ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ቢያይ በመፍቻ ይለኝ ነበር። «ዘንግ ላይ ቅባት አይበዛም፤ ጥርሱን ይይዘዋል» ይል ነበር። ሰውዬው ነገር ማጋነን ይወዳል፣ ነፍሱን ይማር።
ቤት ስገባ ሚስቴ አኩርፋለች። ሦስት ጊዜ ጠርታኝ ዝም አልኳት አሉ። ቤቱ ሁሉ ማንሾካሾክ ጀምሯል፤ ጥፋተኛው ግን እኔ!

ጥቅምት 5
ገጠምኩት። በአንድ ዙር ተነሳች! እጄን ኮፈኑ ላይ አደረግኩ። ሞተሩ ዱድ ዱድ ይላል፤ ደስ ሲል። እትዬ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ።
«ይጮሃል እኮ... ፉጨት ነገር።»
«አዲስ ካርቦን ነው። ይላመዳል።»
«እርግጠኛ ነህ?»
«እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሠርቼዋለሁ።»
ባትላሜራው ከጎን ካለው ክፍል መዶሻውን እንደያዘ ብቅ ብሎ ጆሮውን አሳየኝ። ሂድ ቆርቆሮህን ቀጥቅጥ አልኩት በእጄ። ፉጨት አልሰማሁም። እኔ ካልሰማሁ ደግሞ የለም ማለት ነው። እሳቸውም አምነውኝ ሄዱ።

ጥቅምት 6
መኪናዋ ተቃጠለች።

ጥቅምት 7
አየኋት። ጥርሱ አልተመለሰም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላም እንደነከሰ ቀርቷል። መንገዱን ሙሉ ሞተሪኖው አብሮ ሲሽከረከር ጋለ፣ የሽቦው ልባስ ቀለጠ፣ እሳት ያዘ። ፉጨቱ እሱ ነበር። ጥርሱን የያዘውም ያ የኔ ቅባት ነው።
እሳቱ ሲነሳ እትዬ ኮፈኑን ከፍተው የጋለውን የባትሪ ገመድ በባዶ እጃቸው ነቀሉት። በቀኛቸው። መቀስ በሚይዙበት።
ባትላሜራው ጮኸብኝ። «ሰፈር ሙሉ ሰማው እኮ! አንተ ብቻ...» ከዚያ አፉን ይዞ ቆመ። ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያሳየኝ «አንተ... አትሰማም እንዴ?» አለኝ።
ሰድቤው ወጣሁ።

ጥቅምት 9
ሐኪም ቤት። ሚስቴ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። ባለሙያዋ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። «ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጅዎን ያንሱ።» አነሳሁ። አነሳሁ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ምርመራው ያለቀ መስሎኝ ቀና ብል ልጅቷ አሁንም ቁልፍ ትጫናለች።
ወፍራሙ ድምፅ አለ፣ ቀጭኑ ሄዷል። የስንት ዓመት የመዶሻ ጩኸት! አይመለስም አለች።
አላውቅም ነበር? አውቃለሁ እንጂ። ሬዲዮ ከፍ ባደረግኩ ቁጥር አውቃለሁ። ፈርቼ ነው። የማይሰማ መካኒክ ምን ይሠራል? እንጀራዬ ነው...

ጥቅምት 12
እትዬ ቤት ሄድኩ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል። የልብስ ስፌት መኪናው ላይ አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋ ሱሪ አለ።
«እትዬ... ፉጨቱን አልሰማሁትም። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል።»
ቀና ብለው አዩኝ።
«አልሰማሁም ብትለኝ ኖሮ አልነዳትም ነበር። ይላመዳል አልከኝ።»
ይቅርታ አልኩ። ክር እንዳስገባላቸው በአገጫቸው መርፌውን አሳዩኝ። አስገባሁ። በግራ እጃቸው ሊሰፉ ሞከሩ፤ ጨርቁ ተጣመመ። እንደገና ሞከሩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለበት...

ኅዳር 2
የእትዬ ሁለት ጣቶች ከእንግዲህ አይታጠፉም። ሚስቴ ናት የነገረችኝ፤ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ፣ ሁለቴ።

ኅዳር 6
ጋራዡን ከፈትኩ። አንድ ሰው ከጓደኛው ጋር መኪና እየገፋ መጣ። አልነሳ ብላው።
ሳልነካት ነገርኩት። «ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ አይሰማም። እኔ ቁልፉን አዞራለሁ፣ አንተ የምትሰማውን ትነግረኛለህ።»
አየኝ። ጓደኛውን አየ። ቁልፉን ከእጄ ወሰደና መኪናዋን መልሰው እየገፉ ወጡ። በሩ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ተናገረ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር ምን እንዳለ አላውቅም።