እርጥብ አንሶላ የመዘኑ እጆች፦ የእማማ ሚዛን የሕይወት ታሪክ

እማማ ሚዛን የምንላቸው እናታችን ከዛሬ ሰባ አንድ ዓመት በፊት፣ ከአናጢው አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤቱን ከሚደግፉት እናታቸው፣ ከስድስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት አንድ ክፍል ነበረች፤ ግማሿ መኝታ፣ ግማሿ የልብስ ማስጫ። ዝናብ በጣለ ቀን የሰው አንሶላና ሸሚዝ ከጣሪያው ሥር በገመድ ስለሚሰጣ፣ ልጆቹ ጎንበስ ብለው እየተሽሎከለኩ ነው ያደጉት። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው እርጥብ ልብስ ያሸክሟቸውና «ይሄ በደንብ ተጨምቋል ወይስ አልተጨመቀም?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። ከተሳሳቱ «ዓይንሽን ተዪው፣ እጅሽን ጠይቂው። ውሃ የጠጣ ጨርቅ አይዋሽም» ይሏቸዋል። ያች ቃል ዕድሜ ልካቸውን አልተለየቻቸውም።

ትምህርታቸውን እስከ አምስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሒሳብ ከክፍሉ ሁለተኛ የወጡበት ካርድ ዛሬም ሳጥናቸው ውስጥ አለ፤ «አንደኛ የወጣው ልጅ አባቱ መምህር ስለነበር ነው» እያሉ እስከ እርጅናቸው ይከራከሩ ነበር። እናታቸው ወገባቸውን ሲታመሙ ግን ደብተሩን ዘግተው ወደ ገንዳው ዞሩ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በሆስፒታል በልብስ አጣቢነት ተቀጠሩ። የማጠቢያው ክፍል ከምድር በታች ነው፤ መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ከአላፊ አግዳሚው የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ማዋለጃው ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመካከላቸው አርባ አራት ደረጃ አለ። ወገኖቼ፣ ይህን ደረጃ ልብ በሉት፤ የእኚህ እናት ሕይወት በእሱ ላይ ነው የወጣውና የወረደው።

ደም ያለበት አንሶላ በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያበስለውና እድፉ ሙጭጭ ይላል። ስለዚህ ከላይ የሚወርደው ጥቅል መጀመሪያ ቀዝቃዛ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። እማማ ጥቅሉን ከጋሪው አንሥተው እስከ ገንዳው ባሉት ጥቂት እርምጃዎች ውስጥ እናቲቱ ብዙ ደም ፈስሷት እንደሆነ ክንዳቸው ይነግራቸው ነበር። ባልደረቦቻቸው «አንቺ፣ ጠንቋይ ሆነሽ አረፍሽው?» ብለው ሲስቁባቸው፣ «ጠንቋይማ ይሳሳታል» ብለው ይመልሳሉ።

በሃያ አንድ ዓመታቸው ከግንበኛው ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። «ኮቴን አንሥታ ዝናቡ የት ሰፈር እንደያዘኝ ትነግረኛለች፤ ለእንዲህ ያለች ሴት ማን ይዋሻል?» ይሉ ነበር። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ። የመጨረሻዋን ሴት ልጅ ወንድሞቿ እታለም አሏት፤ ቤቱም ጎረቤቱም በዚያው ቀጠለ።

እታለም በሃያ ሁለት ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ በሚሠሩበት ሆስፒታል ገባች። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እማማ ገብተው ግንባሯን ሳሟት። «ገና ናት፤ እስከ ከሰዓት ትቆያለች፤ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ» ተባሉ። እታለም ከኋላቸው «እማዬ፣ የእኔን አንሶላ ደግሞ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ፤ አንቺው እጠቢው!» ብላ ቀለደችባቸው። እየሳቁ አርባ አራቱን ደረጃ ወረዱ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ጋሪው መጣ። እማማ ከላይ ያለውን ጥቅል አነሡ፤ ከበዳቸው። ይህች ሴት ደም እየፈሰሳት ነው አለ ልባቸው። ቀና ብለው ደረጃውን አዩት። ነገር ግን አጣቢ ማዋለጃ ክፍል ገብታ ለሐኪም ምን ትለዋለች? «ላይ ያሉት የተማሩ ናቸው፣ አያጡትም» ብለው ራሳቸውን አባበሉ። ጥቅሉን ቀዝቃዛው ገንዳ ውስጥ ነከሩት። የማን እንደሆነ አልጠየቁም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጠሩ። እታለም ከተባለው ሰዓት ቀድማ ወልዳ አልፋለች። በመዝገቧ ላይ ዋናዋ አዋላጅ «የፈሰሰው ደም መጠነኛ ነው» ብለው ጽፈው ነበር። ሕፃኗ ደህና ነበረች፤ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም ተብሎ ተጽፎላታል።

ከቀብሩ በኋላ በአሥረኛው ቀን ወደ ሥራ ሲመለሱ አንሶላው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያው ላይ ነበር። የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻሉም።

ያን ቀን እጃቸው ያወቀውን ለማንም አልተናገሩም፤ ለባለቤታቸውም ቢሆን። ሕፃኗን ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓት፤ ትንሿ እንላታለን። ከዚያ ወዲህ ግን ከባድ ጥቅል ወርዶ ዝም ያሉበት ቀን የለም። ጋሪ ገፊውን «የማናት?» ብለው ይጠይቁና፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ደረጃውን ይወጣሉ። ማዋለጃው በር ላይ ቆመው «የሦስት ቁጥሯን እናት እዩልኝ፣ አንሶላዋ ከብዷል» ይላሉ። አንዳንዱ ያይላቸዋል። አንዳንዱ «እማማ፣ እርስዎ ሳሙናዎን ይያዙ፣ እኛም ሥራችንን እንያዝ» ብሎ ይመልሳቸዋል። አንድ ቀን የሕፃናቱን ሚዛን በጣታቸው እያሳዩ «ልጁን ትመዝናላችሁ፤ የእናቱን ደምስ ማን ይመዝን?» ቢሉ፣ አንድ ሐኪም «ደግሞ እማማ ሚዛን መጡ!» ብሎ ሳቀባቸው። ስሙ የወጣው ያኔ ነው። በፌዝ የወጣ ስም ነው፤ ክብር የሆነው ኋላ ነው።

እንዲህ እየወጡ እየወረዱ ስምንት ዓመት አለፈ። ከዚያ አንዲት ሐኪም ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም የሚያጠና ጥናት ይዛ መጣች። አዋላጆች በዓይን ገምተው የሚጽፉት ከእውነተኛው ምን ያህል ይርቃል የሚል ነው። አሠራሩ ለማንም አይከብድም፤ አንሶላው በደረቁ ይመዘናል፣ ከወሊዱ በኋላ በእርጥቡ ይመዘናል፣ ልዩነቱ ደሙ ነው። ግማሽ ኪሎ ካለፈ ሐኪም ይጠራል። በመጀመሪያው ሳምንት እማማ ስለ አንሶላው ብዛት ሊያስረዱ ወደ ላይ ተጠርተው ሳለ፣ አንዲት አዋላጅ «ሦስት መቶ ግራም» ብላ የጻፈችበትን ጥቅል አዩ። ከጠረጴዛው አንሥተው አንዴ ከፍ ዝቅ አደረጉትና «ስምንት መቶን አያጣም» አሉ። ሚዛኑ ላይ ወጥቶ የደረቁ ክብደት ሲቀነስ ስምንት መቶ ሃያ ሆነ። ሁሉም ወደ አልጋው ሮጠ፤ ያች እናት ተረፈች።

አጥኚዋ ሐኪም ስትመለስ «እማማ፣ ይሄን ከየት ተማሩት?» አለቻቸው።

«ሠላሳ ሰባት ዓመት ተሸክሜው፣ ልጄ» አሏት።

የጥናቱ ውጤት በሆስፒታሉ አዳራሽ በተነበበ ቀን አጣቢዎቹም ተጠሩ። ደሙ በበዛ ቁጥር ዓይን ይበልጥ እንደሚሳሳት፣ ብዙ ጊዜም ግማሹን እንኳ እንደማያይ ሐኪሟ ስታስረዳ፣ ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ዋናዋ አዋላጅ አንገታቸውን ደፉ። በእታለም መዝገብ ላይ «መጠነኛ» ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ኮሪደር ሲተላለፉ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። እማማ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ሰው ሁሉ ሊወቅሷቸው ነው ብሎ ወደ ዋናዋ አዋላጅ ዞረ።

«እሷን አትዩብኝ» አሉ። «የልጄን አንሶላ ያነሣሁት እኔ ነኝ። እጄ አውቆ አፌ ዝም አለ። የእሷ ዓይን ተሳሳተ፤ የእኔ እጅ አልተሳሳተም። እንግዲህ የማን ጥፋት እንደሚበልጥ እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ።»

ዋናዋ አዋላጅ መጥተው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ እማማ በሁለት ክንዳቸው ያዟቸውና «ተይ እንጂ፣ ከባድ ነሽ!» አሏቸው። አዳራሹ እያለቀሰ ሳቀ። ባለቤታቸው ነገሩን ሲሰሙ «ስምንት ዓመት ለብቻሽ ተሸከምሽው?» ብቻ አሉ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚያ ሆስፒታል የወላድ አንሶላ ሳይመዘን ደረጃውን እንዳይወርድ ተደነገገ። በዚህ ሞት ቀረ ማለት አይደለም፤ እማማ ራሳቸው እንዲያ ተብሎ እንዲወራላቸው አይወዱም ነበር። አንድ ጊዜ የአራት ልጆች እናት፣ አንሶላዋ በጊዜው ተመዝኖ፣ ሐኪሙም በጊዜው ደርሶ፣ ለእሷ የሚሆን ደም ከማቀዝቀዣው ታጥቶ አረፈች። ያን ቀን እማማ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «ሚዛን ይናገራል እንጂ ደም አይሆንም» አሉ። በማግሥቱ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ፊት ፊት እየነዱ ደም ሊያስለግሱ ወሰዷቸው። ትልቁ መርፌውን አይቶ ራሱን ስቶ መውደቁ በቤተሰቡ ዛሬም ይወራበታል።

በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤታቸውን በሞት ተነጠቁ። ከዚያ ወዲያ ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ መጣ። ባለፉት ሁለት ወራት እዚያው የሠሩበት ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማዋለጃው በላይ ባለው ክፍል ተኙ። ትንሿ በሃያ ሦስት ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መውለጃዋ ቀርቦ ነበር። እማማ ስለ ራሳቸው ልብ ሐኪሞቹን አንድ ነገር ጠይቀው አያውቁም። ልመናቸው «እሷ እስክትገላገል አቆዩኝ» የሚል ብቻ ነበር።

ትንሿ ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወለደች። ደም ፈሰሳት። አንሶላው ሚዛን ላይ ወጣ፤ ደሙ ስድስት መቶ ሰማንያ። ሐኪም ተጠራ፣ ሆዷ ታሸ፣ መርፌ ተወጋች፣ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። ወሬውን ሦስተኛ ፎቅ ይዘው የወጡት፣ እሳቸውም ጡረታ የወጡትና ጓደኛቸውን ሊጠይቁ መጥተው የነበሩት የቀድሞዋ ዋና አዋላጅ ናቸው።

«ወለደችልሽ» አሏቸው።

«ስንት መዘነ?»

«ሦስት ኪሎ ከመቶ። ወንድ ነው።»

«ልጁን ማን ጠየቀሽ? አንሶላው!»

ነገሯቸው። ደሙ ቆሟል፣ ደህና ናት፣ ተናግራለች አሏቸው። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያላለቀሱትን ለቅሶ አለቀሱ። ሰኞ ዕለት ሕፃኑ ክንዳቸው ላይ ሲደረግላቸው ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርገው «ቀንሷል፤ ሦስት ኪሎ አይሞላም። ቶሎ ቶሎ ይጥባ» አሉ። ሲመዘን እውነታቸውን ነበር።

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። አንሶላቸው ከአልጋው ተነሥቶ ደረጃውን ወረደ። ታች ያሉት አጣቢዎች «የማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መጠየቅን ከእሳቸው ነው የተማሩት። ሲነገራቸው ጥቅሉን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። ቀሎ ነበር፤ ማንም ያልተኛበት ያህል። ከሌላው ሳይቀላቅሉ ለብቻው አጠቡት።

እማማ ሚዛን ሁለት ወንዶች ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንድ ገና ሳምንት የሞላው የልጅ ልጅ ልጅ ትተው አልፈዋል። ትንሿ ገና ከአልጋ ስላልተነሣች ዛሬ ከመካከላችን የለችም፤ ይህ ጽሑፍ ይነበብላታል።

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ ከእታለም ነፍስ ጋር በሰላም ያሳርፍልን። ለረጅም ዘመን የተሸከሙትን ከክንዳቸው ያውርድላቸው። ለእኛም የከበደ ነገር እጃችን ላይ በወደቀ ቀን፣ የማን እንደሆነ የምንጠይቅበትን አፍና ደረጃውን የምንወጣበትን ጉልበት ይስጠን።