የመጋቢት ሚካኤል ውሃ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድምዓለም ጌታነህ ማሩ፤
ዝዋይ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ፅጌረዳስ እንዴት ናት? ሕፃኗ ውብነሽ ጥርስ አወጣች ወይ? የዝዋይ ወባ ዘንድሮስ አልደፈራችሁም? ሥራህ፣ ጉልበትህ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ከአባየ ወዲህ አለን የሚባለውን ያህል አለን። እማየ ጥቁሯን እንደለበሰች ከደጅ አትወጣም። ላሚቱ ወልዳለች፤ የሚያልባት ግን ልብ ያለው ሰው ከቤታችን ጠፍቷል።

በስልክ ያልነገርሁህ በሁለት ነገር ነው። ብዙ ጊዜ መስመሩ የለም፤ ሲገኝ ደግሞ አንተ ትጮሃለህ እንጂ አትሰማም። ይህን ደብዳቤ አሽጌ የሰጠሁት ለመርጌታ ኃይለ ሚካኤል የወንድም ልጅ ነው። በእጅህ ካልሆነ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ በታቦት አስምየዋለሁ።

«ለአርባው መጥቼ የአባቴን ደም እመልሳለሁ፤ እንየውን በደጃፉ እጥለዋለሁ» ብለህ የላክኸው ቃል በገበያ ቀን ደረሰን። ያልሰማ የለም። አንዳንዱ «ማሩ ወንድ ወልዷል» እያለ አሞግሶሃል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው የሰማሁ። እንግዲህ ከመነሣትህ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። አንተ ከልጅነትህም ወጡ ሳይወጣ እጅህን የምትሰድ ሰው ነህ፤ አንድ ገጽ አንብበህ ጠመንጃ ፍለጋ አትሩጥ።

ላስቲክ ቤቱን አላየኸውም። ከምትሠራበት የአበባ እርሻ የተጣለውን ላስቲክ ጠቅልለህ በአውቶቡስ ስትልክልን ርዕሰ መምህራችን የእህል መሸፈኛ መስሎት ነበር። እኔና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ባሕር ዛፍ ቆርጠን አቆምነው። «ከላይ መተንፈሻ ተዉለት፤ አለዚያ ተማሪዎችሽን ትቀቅያቸዋለሽ» ብለህ የሳቅህብኝ ትዝ ይልሃል መቼም። ስለ ተክል ከጥቁር ሰሌዳ ሲገለብጡ የኖሩ ልጆች ዘር በእጃቸው ዘሩ፣ ችግኝ አዛወሩ፣ ማዳቀል ተማሩ፤ ጠዋት ጠዋት ሙቀቱን ለክተው ለምን ከፍ ዝቅ እንዳለ ይከራከሩ ነበር። ውጭ ውርጭ ገብሱን ሲያቃጥል ውስጥ ቲማቲም ቀላ። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሊያዩት ቀን ቆርጠው ነበር። ትንሿ እህታችን የትናየትም የራሷ የቃሪያ መደብ ነበራት። ከክፍል በፊት እየገባች ቅጠሉን በጣቷ ገልብጣ ተባይ ትለቅም ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏት ያየኋት ጊዜ የለም።

ጣጣው የመጣው በውሃ ነው። የቦዩ ውሃ በተራ እንደሚጠጣ፣ ተራውን የሚዳኘው የውሃ አባትም አባየ እንደነበር ታውቃለህ። ዘንድሮ በጋው ከረረና ለትምህርት ቤቱ የሚተርፍ ተራ ጠፋ። አባየ መላ መታ። በበዓል ቀን እርሻ የሚነካ ስለሌለ ውሃው ዝም ብሎ ገደል ይወርዳል፤ ስለዚህ «የመጋቢት ሚካኤል ውሃ ለልጆቹ ይሁን» አለ። መርጌታም «ትምህርት እንጂ እርሻ አይደለም» ብለው ፈቀዱ። ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎት ተስማማ። ቀኑ የት ላይ እንደሚያልቅ ግን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አስተማሪ ተብዬ አልጠየቅሁም።

እኛ በዓሉ እስከ ማግስቱ ንጋት ነው ብለን ያዝነው። እንየው ግን በቤተ ልሔም ደጅ፣ በካህናት መካከል ያደገ ሰው ነው፤ ለእሱ ቀን የሚገባውም የሚወጣውም በሠርክ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚካኤል አለፈ፣ ተራው የእሱ ሆነ። ድንቹ ጠውልጎበታል። አካፋውን ይዞ ቢወርድ ቦዩ ደርቋል። ሽቅብ ቢከተለው ውሃው ወደ እኛ ላስቲክ ቤት ይገባል።

«ሌቦች» እያለ መጣ። ከወገቡ ማጭድ መዘዘና ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ዘነጠለው። ከውስጥ በኩል በረከት የሚባል ተማሪዬ ቆሞ ነበር፤ እንየው አላየውም። ማጭዱ ላስቲኩን አልፎ የልጁን ክንድ ከፈተው። አጥንቱን አይቻለሁ። ደሙ በችግኙ ላይ ተረጨ፤ ልጁም ክንዱን ታቅፎ እየጮኸ ወጣ። እንየው ራሱ ደንግጦ ቀረ፤ ማጭዱ ግን ከእጁ አልወደቀም።

አባየ ጩኸቱን ሰምቶ ደረሰ። በዱላው የእጁን አንጓ ሲለው ማጭዱ ወደቀ፤ ጭንቅላቱን ሲደግመው እንየው ተዘረረ። እዚያ ላይ ቢበቃ ሽማግሌ የሚጨርሰው ጠብ ነበር። ልጆቹ ግን የጓደኛቸውን ደም አይተዋል። መደቡን የከበብንበትን ድንጋይ እየነቀሉ ወረዱበት። የችግኝ ሥር እንዳይበጠስ በሁለት እጃቸው ያነሡ የነበሩ ልጆች «በለው፣ ጨርሰው» ይባባሉ ነበር። እኔ በመካከል እጮሃለሁ፣ የያዝሁትን እጅ ሁሉ እገፋለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። አንዱ ድንጋይ አፉን አገኘውና እንየው ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ።

ይኼኔ አባየ ዱላውን ጣለና እላዩ ላይ ተኛበት። አዎ ወንድምዓለም፣ አሁን የደበደበውን ሰው በሰውነቱ ሸፈነው። «ተው ልጆቼ! መሽቷል፣ ውሃው የእሱ ነው» ይል ነበር። ከሁላችን ቀድሞ ነገሩ የገባው እሱ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ውሃ ሲዳኝ የኖረ ሰው አይደል? የተሰነዘረ እጅ ግን አልተመለሰም። ጀርባውን መቱት። ከዚያ አንድ ድንጋይ መጥቶ ከጆሮው በላይ አረፈ፤ አባየም ድምፁ ጠፋ።

ድንጋዩ ከማን እጅ እንደወጣ አይቻለሁ። ከየትናየት ነው።

የወረወረችው ለእንየው ነው። አባየ መውደቁን አላየችም ይሆናል፤ ወይም አይታ እጇ ቀድሟት ይሆናል፤ ይህን አልጠየቅኋትም፣ አንተም እንዳትጠይቃት። በተቀደደው ላስቲክ ጠቅልለን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው ስንወስደው ከመንገድ አረፈ። እሷ ቃሬዛውን ተሸክማ ነበር። አውርጂ ብላት እንቢ አለች።

ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁ እንየው በዚያ በተሰበረ አፉ «እኔ ነኝ፣ በአካፋ መታሁት» አለ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን የጠየቀ የለም። ወረዳውም ከራሱ ጭንቅ ፋታ አላገኘም። እንየው የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ደውሎ ተማጥኗል፤ በግቢው ተጠግቶ ይኖራል። ሰው ሳያየኝ ሄጄ ለምን እንደዋሸ ጠየቅሁት። ድንጋዩ ከማን እጅ እንደወጣ ከሥር ሆኖ እንዳየ፣ ማሩ በላዩ ተኝቶ ስለ ውሃው እንደመሰከረለት፣ የዚያን ሰው ልጅ አሳልፎ ቢሰጥ ቆሞ መሄድ እንደሚያቅተው ነገረኝ። የመጣ ይምጣብኝ አለ። የሚመጣው አንተ እንደሆንህ ያውቃል፤ በሩን ግን አይዘጋም።

እንግዲህ ይህን የምናውቅ እኔ፣ እንየውና የትናየት ነበርን፤ አሁን አንተ ተጨመርህ። እማየ አታውቅም፤ እንድታውቅም አልሻም። ደም ይመለስ ካልህ ደሙ ያለው በገዛ ቤታችን ነው። እንየውን ብትገድለው ደግሞ የትናየት ሁለት ሰው እንደገደለች ሆና ትኖራለች፤ እኔ ያንን ማየት አልችልም። ሽማግሌዎቹ የበኩር ልጅ እጁን ካልሰጠ ዕርቁ አይጸናም ብለው የሚጠብቁት አንተን ነው። ላልገደለ ሰው በሰው ፊት «ይቅር ብያለሁ» እንድትል ነው የምለምንህ። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። አባየ ግን ከዚህ የከበደውን አድርጓል።

የትናየት ትምህርት ትታለች። ላስቲክ ቤቱ ውስጥ የገባ ተማሪም የለም፤ ቃሪያው እንደቆመ ደረቀ። በቀኝ እጇ አትበላም። እማየ «ይህ ምን ዓይነት ልማድ ነው» ብላ ትቆጣታለች፤ እሷ ግን በግራዋ ትጎርሳለች።

እማየ ዓይንህን ስማለች፤ ሙቀቱ ውስጥ ስትውል ውሃ ጠጣ ትላለች። መርጌታ ኃይለ ሚካኤል «እግዚአብሔር ልቡን ያብርድለት» ብለው ባርከውሃል። የበረከት ክንድ ተሰፍቶ ድኗል፤ እሱም እግዜር ይስጥልኝ ብሎሃል፣ ላስቲኩን የላክህ አንተ መሆንህን ያውቃልና። ለፅጌረዳ ብዙ ሰላምታዬን ንገርልኝ። ውብነሽን በእኔ ስም ጉንጯን ሳማት። ይህን ደብዳቤ ስትጨርስ በእሳት ስጠው።

የትናየት ደብዳቤውን አንብባዋለች፤ አንድም ቃል አላስወጣችኝም። አንድ መልእክት ብቻ ጨምሪልኝ አለች። ከአውቶቡስ የምትወርድበት ቦታ ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ ጠመንጃ ይዘህ ከሆነ እሷን ሳታልፍ ወደ እንየው አትደርስም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው ብለህ እንዳትንቃት። ትቆማለች።

እህትህ ሐረገ ወይን ማሩ

ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.