ለሟች ባንዲራ ዝቅ ስላደረግን ይቅርታ እንጠይቃለን

ለክቡር አቶ ሄኒንግ ሉንስጎር
የካናል ሉስ ቴሌቪዥን ዜና ክፍል ዋና አዘጋጅ
ኮፐንሃገን

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? እኛ የኦልስቢየርግ መንደር ሰዎች፣ እስካለፈው ወር ድረስ በዚህ ምድር ላይ መኖራችንን ባያውቁም፣ በአንድ ምሽት ዜና አገር ሁሉ እንዲያውቀን ስላደረጉ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ይልቁንም የዓይን ብርሃን እንዲሰጥዎ ነጋ ጠባ እንመኝልዎታለን። ዓይን ለሥራዎ ያስፈልግ ይሆናል ብለን ነው።

ስሜ ኡፌ ኬልጎር ይባላል። አሳማ አርቢ ነኝ። የመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሊቀመንበርም እኔው ስሆን፣ ይህ ትልቅ ሹመት ወንበር መደርደርንና የተደፈነ ቧንቧ መክፈትን ይጨምራል። ድምፄን የምሰጠው ለወግ አጥባቂዎቹ ነው፤ ድንበር ይጠበቅ፣ የሚገባውም ሰው አገሩ ሊያስተናግድ በሚችለው ልክ ይግባ ባይ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ጋዜጠኞችዎ ምስጢሬን ፍለጋ እንዳይደክሙ አዝኜላቸው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ከሥሩ ልጀምርልዎ። ጋሽ ሆልገር ዳልስኮው የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እኔን አመላልሰውኛል፣ ልጆቼንም አመላልሰዋል፤ ያረፈደውን ልጅ በር ላይ ቆመው ጥሩምባ እየነፉ ይጠብቁ ነበር፣ ስድባቸውንም አይሰስቱም። በኋላ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ሲላቸው እዚሁ መንደራችን ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ባለቤታቸው እትዬ ኤስተር ማታ ማታ በእግራቸው እየሄዱ ራት ያጎርሷቸው ነበር። ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ «በጀት የለም» ብሎ መኖሪያውን ዘጋውና አረጋውያኑን ሩቅ ከተማ ወስዶ በተናቸው። እትዬ ኤስተር በዚያ ዕድሜያቸው አውቶቡስ እየቀያየሩ ሲመላለሱ ከርመው፣ ጋሽ ሆልገር እዚያው ባዕድ አልጋ ላይ አረፉ። የተዘጋው ሕንፃ ደግሞ፣ በጀቱ ከየት ዱብ እንዳለ እንጃ፣ ቀለም ተቀብቶ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማረፊያ ሆነ። የእንግዶቹ መግቢያና የጋሽ ሆልገር ቀብር አንድ ማክሰኞ ላይ ገጠሙ።

እንደሚያውቁት፣ ሰው በሚቀበርበት ቀን በየግቢያችን የቆመው ባንዲራ ሁሉ ከማለዳ ጀምሮ ዝቅ ብሎ ይውላል። ሟቹ አፈር ሲለብስ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ሮጦ ባንዲራውን እስከ ጫፍ ይሰቅላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ አዳራሹ ለቡናና ለዳቦ የሚመለሰው። «እንደሚያውቁት» ያልኩት እርስዎም የዴንማርክ ልጅ ስለሆኑ ነው። ነው ወይስ ኮፐንሃገን ውስጥ ሰው መሞት ቀርቷል?

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ጥቁራችንን ለብሰን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጸጥ ብለን ቆመን፣ ሬሳ የጫነውን መኪና ከከተማ እንጠብቅ ነበር። ቀድሞ የመጣው ግን የእንግዶቹ አውቶቡስ ሆነ። ዓይናቸው የደከመው አባባ ላውሪትስ አስከሬኑ የደረሰ መስሏቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ለአውቶቡሱ እስከ ጉልበታቸው እጅ ነሱ።

«ኧረ አባባ፣ አውቶቡስ እኮ ነው!» አልኳቸው።

«ታዲያ ሆልገር ከአውቶቡስ ሌላ በምን ሊመጣ ኖሯል?» አሉኝ ተቆጥተው።

በቀብር ቀን መሳቅ ነውር ቢሆንም ሳቅን፤ እትዬ ኤስተር ራሳቸው መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከአውቶቡሱ መስኮት አንዲት ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለአባባ ላውሪትስ አጸፋውን መለሰች። ካሜራችሁ በዚያ ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ይቀርጽ ነበር። በምሽቱ ዜና ላይ ግን ኮፍያውም፣ እጅ መንሳቱም፣ ሳቁም የሉም። የቀረው ጥቁር ልብሳችንና ፀጥታችን ብቻ ነው። ይህን የመሰለ መቀስ ያለው ልብስ ሰፊ ቢኖረን ምንኛ ባማረብን!

ጊዜዎን ላለማባከን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «ኦልስቢየርግ እንግዶቿን በጥቁር ልብስና ዝቅ ባለ ባንዲራ ተቀበለች» ስላላችሁን እናመሰግናለን። ወጣቷ ጋዜጠኛችሁ ሲግኔ ከአጥራችን ሥር ረዘም ላለ ጊዜ ቆማ ሳለ «ማን ሞቶ ነው?» ብላ አንድ ሰው አለመጠየቋን ያደነቅሁት በኋላ ነው። እትዬ ኤስተር እንኳን በሐዘናቸው ላይ ሆነው «ያቺ ልጅ በርዷታል፣ ቡና ስጧት» ብለው ነበር። ቡናውን ጠጥታለች፤ ጥሩ ቡና እንደነበረም ተናግራለች። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ የሚለውን ተረት በእናንተ ጣቢያ እንደ መመሪያ መያዛችሁን አላወቅንም ነበር።

ሁለተኛ፣ ከዩኒቨርሲቲ ላስመጣችሁልን ሊቅ ምስጋናችን ይድረሳቸው። መንደራችንን ረግጠው ባያውቁም፣ ሆዳችን ውስጥ ያለውን ከስቱዲዮው ወንበር ላይ ሆነው ሲያነቡልን አፋችንን ከፍተን ሰማናቸው። «እነዚህ ሰዎች የሚያለቅሱት ኖሮ ለማያውቅ ዴንማርክ ነው» አሉ። እኛ ያለቀስንለት ሰው ግን በእርግጥ ኖሯል። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ስለሆንኩ ክብደቱን ትከሻዬ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ማረፊያው በጠራው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የጠየቅሁትን ጥያቄ ስላላስተላለፋችሁልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ጥያቄዬ እንዲህ የሚል ነበር፤ ለገዛ ሽማግሌዎቻችን የጠፋው በጀት አሁን ከየት ተገኘ? ስንት ሰው ይመጣል? አንድ ሐኪም ብቻ ያለው ጤና ጣቢያ ሁሉን ይችላል ወይ? ይህን ስል መልኬን አሳያችሁ፣ ድምፄን ግን አጠፋችሁትና በላዩ ላይ «በመንደሩ ስጋት አለ» የሚል ድምፅ ጫናችሁበት። ስጋት የሚለውን ቃል ስትናገሩ ድምፃችሁን ቀጠን የምታደርጉት፣ አልጋው ላይ ስለሸና ልጅ የምታወሩ ያህል ነው። የአረጋውያኑን ቤት የዘጉትን ከንቲባ ግን አበባ ፊት አስቀምጣችሁ «እንግዶቹን ለመቀበል ይህን ድፍረት ከየት አገኙት?» ብላችሁ ጠየቃችኋቸው። እሳቸውም በትሕትና አንገታቸውን ደፉ። ወይ ጉድ! እኔ እንኳን ስለ እንግዶቹ ብትጠይቁኝ ሐሳቤን ፊት ለፊት እነግራችሁ ነበር። ልትስማሙበት ግዴታ የለባችሁም፤ ልትሰሙት ግን ይገባ ነበር። ሰው ያለውን ትቶ ያላለውን ለመንቀፍ ጣቢያ መክፈት ለምን አስፈለገ?

አራተኛው ምስጋና ከእኔ ሳይሆን ከዚያች በመስኮት አጸፋ ከመለሰችው ሴት ሊመጣ የሚገባው ነው። ስሟ ሩላ ነው፤ ከሶርያ ነው የመጣችው። ዜናችሁን በስልኳ አስተርጉማ ካየች ወዲህ ልጆቿን ከበር አላወጣችም ነበር። በመንገድ ያየችው ሽማግሌ ሲያላግጥባት የነበረ መስሏታል። ለእሷ ተቆርቋሪ መሆናችሁን አንጠራጠርም፤ እኛን እንድትፈራ ያስተማራችኋትም ከዚሁ ፍቅር የተነሣ ይሆናል። የማረፊያውን በር አንኳኩተው «ባንዲራው ለባሌ ነበር» ብለው ያስረዷት እትዬ ኤስተር ናቸው። እትዬ ኤስተር ደግሞ በፖለቲካው ከእኔ የባሱ ቀኝ ናቸው፤ ለዜና የሚሆኑ ሰው አይደሉም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የፊልማችሁ የመጀመሪያ ምስል የእትዬ ኤስተር ግቢ ነው፤ የበራቸው ቁጥር ሳይቀር ይነበባል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከማያውቋቸው ሰዎች «አታፍሪም?»፣ «በዚህ ዕድሜሽ ጥላቻ ይዘሽ ልትሞቺ ነው?» የሚሉ ካርዶች በፖስታ ይደርሷቸዋል። ባላቸውን በቀበሩ ሳምንት ማለት ነው። እኔም በስማቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ እንድታነቡ ለመንኩ፤ «ባንዲራው ዝቅ ያለው ለጋሽ ሆልገር ዳልስኮው ቀብር ነበር» የምትል። መልሳችሁ በፍጥነት ደረሰኝ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። ልብሱ ጥቁር እንደነበር፣ ባንዲራው ዝቅ ብሎ እንደነበር፣ እንግዶችም በዚያው ቀን መግባታቸው እውነት ስለሆነ የሚታረም ነገር የለም፣ ምስሉ ራሱ ይናገራል ብላችሁኛል።

ደብዳቤውን ለእትዬ ኤስተር አነበብኩላቸው። ከሥልሳ ዓመት ትዳር በኋላ ባላቸውን የቀበሩ ሴት እንዲህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። «ስማ ኡፌ» አሉኝ፤ «ሆልገር ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያመላልስ ኖሮ፣ መንደሩ የሰጠው አንድ ቀን ነው። አንዲት ቀን! እሷንም ወስደው ለሌላ ነገር አደረጉበት።» ከዚያ በኋላ አለቀሱ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ቦታ ቀልዴ ስላለቀብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተናድጃለሁ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ባለወፍጮው ሚስታቸውን ቀበሩ። መንደሩን ዞሬ አየሁት፤ ግማሹ ሰው ባንዲራውን አላወጣም። «ማን ያውቃል፣ ካሜራ ቢመጣስ?» ይላሉ። ድንበሩን ያልጠበቀ መንግሥት አይቻለሁ፤ ሕዝቡን ለሙታኑ ማዘን ያሳፈረ ቴሌቪዥን ግን በእርስዎ ዘመን ነው ያየሁት።

እንግዲህ ሥልጣንዎ የጸና፣ ወንበርዎ የለሰለሰ፣ ተመልካችዎ የበዛ ይሁን። ወደ እኛ ዘንድ ጎራ ካሉ የአዳራሹ በር ክፍት ነው፤ ቡናም አይጠፋም፣ የአሳማ ጥብስም አለ። ጥያቄ ይዘው ቢመጡ ደግሞ መልስ አናጣም።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይነጥፍ ምስጋና ጋር፣ ሊቅዎ ኖሮ አያውቅም ባሉት ዴንማርክ ውስጥ የምኖረው

ኡፌ ኬልጎር
አሳማ አርቢና የወንበር ደርዳሪዎች ሊቀመንበር
ኦልስቢየርግ

ፖስታውን ላሽገው ስል የታከለ፦ እትዬ ኤስተር ሌላ ልመና አላቸው። እዚህ በቀብር ላይ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ነውር ስለሆነ፣ መንደሩ ሁሉ ለጋሽ ሆልገር ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ምስል በዓለም ላይ ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው። ቅጂውን እንዲልኩላቸው በትሕትና ይለምናሉ፤ የመላኪያውንም እኛ እንችላለን። ብቻ አደራዎን፣ ድምፁን አጥፍተው ይላኩላቸው።