ውሾችን ከልብ ትል የጠበቁት የአቶ ያየህ ደሳለው የሕይወት ታሪክ

አቶ ያየህ ደሳለው ከአባታቸው ከመሪጌታ ደሳለው ገብረ ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አማከለች በላቸው በ1910 ዓ.ም. ከወረታ ወረድ ብሎ በርብ ወንዝ ዳር ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ዲቁና ተቀበሉ። በ1936 ዓ.ም. ወይዘሮ ገላነሽ መንግሥቴን አግብተው ሸዋዓለምንና አበረን ወለዱ። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ከብት ከታቢ ሆነው ፎገራን እስከ ይፋግ በእግራቸው አዳረሱ።

በ1953 ዓ.ም. ክረምት መከታ የሚባለው ውሻቸው ያስል ጀመር። ጎኑ ከሳ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ሞተ። አቶ ያየህ በካራ ቀደዱት። ለቀስተኛው ይቅር ይበለኝና፣ እኔ የእኅታቸው ልጅ ንብረት ያየሁትን እናገራለሁ፤ በልቡ ውስጥ ስንዝር የሚያህሉ ነጫጭ ትሎች እንደ ፈትል ተጠማዝዘው ታጭቀው ነበር፤ ገና ይንቀሳቀሳሉ። ክርፋቱ አያስቆምም። አጎቴ ዞር ብለው አስታወኩ፤ ተመልሰው ግን ትሎቹን ለቅመው አረቄ ባለበት ጠርሙስ ከተቱ።

ወይዘሮ ገላነሽ ከደጃፍ ቆመው፣ «በዚያ እጅዎ መሶቤን እንዳይነኩ!» አሏቸው።

«እጄስ ይታጠባል፤ የሌሎቹ ውሾች ልብ በምን ይታጠባል?» አሉ።

ጠርሙሱን ይዘው ጎንደር ወጡ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ትሉን ከውሻ ወደ ውሻ የሚያደርሰው ቢንቢ እንደሆነ ነግረው፣ ላልታመሙ ቡችሎች በየቀኑ የሚሰጥ ኪኒን ሰጧቸው። ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ የሰፈሩን ቡችሎች ኪኒን በእንጀራ ጠቅልለው ያጎርሱ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስገብተው ኩበት ያጨሱላቸው ነበር።

እኛ የሚካኤል ማኅበርተኞች ግን «ውሻ የቀደደ» ብለን ከጽዋው አገለልናቸው። የጠጡበትን ዋንጫ ሦስት ጊዜ በአመድ ያሸሁት እኔ ነኝ፤ ሳስታውሰው ያንገሸግሸኛል።

በ1958 ዓ.ም. የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን አቶ ደሴ፣ የሚያስል ውሻቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። አቶ ያየህ ጆሯቸውን ከውሻው ደረት አድርገው አዳመጡና፣ «ለዚህኛው ዘግይተዋል፤ ቡችሎቹን ያምጧቸው» አሉ። ሦስቱ ቡችሎች ዛሬም የአቶ ደሴን በረት ይጠብቃሉ። አቶ ደሴ ግን በማኅበሩ ፊት ስለ አጎቴ ትንፍሽ አላሉም፤ እኔም ዝም አልሁ። ከትሉ ይልቅ ይህ ያስጠላኛል።

አቶ ያየህ በጉበት ሕመም አራት ወር ተኝተው ጥቅምት 9 ቀን 1960 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል። ይቅርታ ሳንጠይቃቸው አመለጡን። አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍ፤ እኛን ግን አያሳርፈን።