ጥግ የያዘው ንጉሥ

ጥቅምት 10
ሙቀቱ አልበረደም። ሰሊጡ ታጭዶ ቆሟል። ትራክተሯን አጠብኩ፣ ዘይት ቀየርኩላት። ከሰዓት ግማሽ ጣሳ ማሽላ ይዤ ወፍጮ ቤት። ሰርካለም ጣሳውን አየች፣ እኔን አየች። «አያ ስሜነህ፣ ከትናንት ወዲያ ያስፈጩት አለቀ? ቤትዎ ስንት ሰው ነው?»
አንድ አልኳት። አይጥ አለ ብዬ ጨመርኩ። ለምን አይጥ አልኩ?
ስመለስ በስልኬ ቼዝ ገጠምኩ። ተሸነፍኩ፣ እንደ ልማዴ።

ጥቅምት 12
የሚካኤል ማኅበር። የፈራሁት ደረሰ። ጽዋው እጄ ሲገባ የንስሐ አባቴ ጀመሩ። ሚስትህ አየሁሽ ካረፈች አራት ዓመት ሞላ፣ ብቻህን እስከ መቼ፣ የወፍጮ ቤቷ ሰርካለምም ባሏን ከቀበረች ቆየች... ሁሉም ተቀበላቸው። ዝም ለማሰኘት ያህል፣ «ይህ ስልክ በቼዝ ሊያሸንፈኝ ያልቻለ ቀን ሽማግሌ እልክባታለሁ» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባ ግን አልሳቁም።
«ጽዋ ይዘህ ነው የተናገርከው» አሉኝ።
ይሁን። ስልኩ አንድ ቀን እንኳ ምሮኝ አያውቅም። ምን ያሰጋኛል?

ጥቅምት 17
ኔትወርክ እንደጠፋ ነው። ሳሊም ሱቅ ሄድኩ። ስልክ ይጠግናል፤ ቼዝ ያስተማረኝም እሱ ነው። ጳጳስ የሚባለውን መጫወቻ እሱ በዐረብኛው ፊል ይለዋል፣ ዝሆን ማለት ነው። እኔም ፊል እላለሁ። ጳጳስ በልቶ መተኛት ይከብደኛላ።
ስልኩ ይህን ሁሉ ከየት አወቀው? ብዬ ጠየቅኩት። ትላልቆቹ ኮምፒውተሮች ጥቂት መጫወቻ ብቻ ሲቀር ማሰብ ይተዋሉ አለ፤ መልሱ ሁሉ አስቀድሞ ተሠርቶ ተቀምጦላቸዋል፣ ገልጦ ማየት ነው። ያ ሁሉ መልስ ግን የእኔ ስልክ ውስጥ አይገባም። የእኔው ራሱ ያሰላል። ልሂድ፣ ይሂድ፣ ልሂድ... እስከቻለው ድረስ። ከዚያ ወዲያ በግምት ነው፤ ንጉሥህን ወደ መሐል አውጣ፣ ወታደርህን ግፋ፣ ያለህን ቁጠር፣ የበዛለት አሸናፊ ነው።
«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እንደ ትራክተርህ መብራት ነው» አለኝ። «እስከሚያበራው ያያል። ከዚያ ወዲያ ገደል ይሁን ሜዳ አያውቅም።»
ለካ እንደኔው ነው! መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። አንዱ ባጃጅ ነጂ አቁሞ፣ ደህና ነዎት ወይ አለኝ።

ጥቅምት 23
ተሸነፍኩ።

ጥቅምት 24
ተሸነፍኩ፣ ግን ዘገየ። መጫወቻ ሲያንስ ይንከራተታል። ፊሉን ያመጣል፣ ይመልሳል። አምላኬ ይቅር በለኝ፣ ጸሎት ላይ ቆሜ ፊሉ ታየኝ።

ኅዳር 2
አልቻለም። አልቻለም!
አንድ በአንድ በላኝ። ለእኔ ንጉሤ ብቻ ቀረ፤ ለእሱ ንጉሥ፣ ፊልና አንድ የዳር ወታደር። ወታደሩ መጨረሻው ቤት ከደረሰ ንግሥት ይሆናል፣ አበቃልኝ። ሮጬ ወታደሩ የሚደርስበት ጥግ ላይ ተወሸቅኩ። ብልሃት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ጥጉ ነጭ ቤት ነው። የእሱ ፊል ደግሞ በጥቁር ቤት ብቻ የሚሄድ! ሊያስወጣኝ አልቻለም። ከጥግ ወደ አጠገቡ፣ ካጠገቡ ወደ ጥግ... ስልኩ ግን ያለውን ቆጥሮ አሸናፊ ነኝ ይላል። ፊሉን ያዞራል፣ ያዞራል። መብራቱ እዚህ አልደረሰማ። በመጨረሻ ወታደሩን ገፋ፤ ንጉሤን ሳይነካ መሄጃ አሳጣው። እንዲህ ሲሆን ሕጉ አቻ ነው። አቻ ብሎ ጻፈልኝ።
አጨበጨብኩ። እልልም ሳልል አልቀረሁም። ዶሮዎቹ ሸሹ።
ከዚያ ቁጭ አልኩ። ጽዋው ትዝ አለኝ።

ኅዳር 5
ለማንም አልተናገርኩም። አቻ እኮ ማሸነፍ አይደለም... ማንን ነው የማታልለው? ያልኩት «ሊያሸንፈኝ ያልቻለ ቀን» ነው። ሚካኤል ሰምቷል።
እውነቱን ልጻፍ? ሰርካለም እምቢ ብትልስ? ያ ወፍጮ ቤት ለእኔ ተዘጋ ማለት ነው። እምቢ እንዳትለኝ አለመጠየቅ። ከጥግ ወደ አጠገቡ፣ ካጠገቡ ወደ ጥግ... አየሁሽ ብትኖር፣ «ምን ይጎልትሃል፣ ተነሥ» ትለኝ ነበር።

ኅዳር 12
ታቦቱ ከገባ በኋላ ለአባ ነገርኳቸው። ዛሬ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ።

ኅዳር 13
ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ጣሳ ሳልይዝ።
ዱቄት ቅንድቧ ላይ ነበር። «እህሉስ?»
የለም አልኳት።
«አይጦቹ ደህና ናቸው?»
ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጽዋውን፣ ስልኩን፣ ፊሉን፣ ጥጉን። ሞተሩን አጥፍታ ሰማችኝ።
«እንግዲህ እርስዎም አላሸነፉ፣ እሱም አላሸነፈ።»
«አዎ።»
«ታዲያ ምን እንዲህ ያስፈነድቅዎታል?»
ሳቀች። ዱቄቱ ከቅንድቧ በነነ። «ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ እንዲህ ባዶ እጁን ይመጣል? ጾሙ ሳይገባ ይላኩና መልሴን ይስሙ» ብላ ሞተሩን አስነሣችው። እሺ ነው? እምቢ ነው? በዚያ ጩኸት ማን ይጠይቃል?

ኅዳር 14
ነገ ጾም ይገባል። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ሄዱ። አባ ከፊት፣ ሳሊም ጀለቢያውን አስተኩሶ ከኋላ።
መቀመጥ አቃተኝ። ስልኩን ከፈትኩ። እንደገና መጨረሻው ላይ ደረስን፤ ጥጉ ባዶ ነበር፣ ቅርብም ነበር። ንጉሤን ወደ መሐል አወጣሁት። ወዲያው አሸነፈኝ። እንዴት ያለ መሸነፍ! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።
እየሳቅሁ ሳለ በሩ ላይ ደረሱ። ሳሊም ቆሞ አየኝ።
«ማን ቀድሞ ነገረህ?» አለ።