አምስተኛው ጨዋታ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የሆስፒታሉ የሌሊት ተራ ወገብሽን እንዴት አድርጎታል? የሂውስተን ሙቀትስ በረደላችሁ? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» ብሎ ስለተወው እኔም ትቼዋለሁ። ከቤቱ ጀርባ ያለው የፔካን ለውዝ ዛፍ ፍሬውን ማራገፍ ጀምሯል። ጎረቤቴ ሎሬታ በየጠዋቱ እየመጣች ትለቅማለች፤ ጎንበስ ማለት እንደማልችል ስለምታውቅ ለእኔም ድርሻዬን በረንዳው ላይ ትተውልኛለች።

ቅዳሜ ማታ ደውለሽ «ማነው ግባ ያለው?» ብለሽ ጮኽሽብኝ፤ መልሴን ሳልጀምረው ስልኩን ዘጋሽው። አልተቀየምኩም። ግን በስልክ የተጀመረ ቁጣ በስልክ አያልቅምና፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ። ሳታቋርጪኝ የምትሰሚኝ በወረቀት ብቻ ነው።

ነገሩ በቅደም ተከተል እንዲሄድ የምታውቂውን ልድገመው። ልጅሽ ራንዳል የከተማችንን ኮሌጅ ትቶ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ደስ እንዳላለኝ ያኔም አልደበቅኩሽም። እዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወት ከሜዳ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እዚያ ግን ባለፈው ዓመት በየጨዋታው ማብቂያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ እየላኩ ዓመቱን በሉበት። እዚህ ከተማረው ትምህርትም ግማሹን አንቀበልም አሉት። የቡድኑ ልጆች ደግሞ «ተከራዩ» የሚል ስም አወጡለት፤ ከሌላ ኮሌጅ ተዛውሮ የመጣ ልጅ ሻንጣውን ሳይፈታ ይኖራል ማለታቸው ነው። ዝውውር የቀናቸው መኖራቸውን አልክድም። የፓስተራችን የወንድም ልጅ ተዛውሮ ስሙ በጋዜጣ ወጣ። የጎረቤታችን የሬይመንድ ልጅ ግን ሦስት ኮሌጅ አዳርሶ ዛሬ ያለ ዲግሪ ጎማ ይለውጣል። ሁለቱም ከቤታቸው ሲወጡ እኩል ተባርከውና ተስመው ነበር የወጡት።

ስለዚህ ዕቅድሽ ጥሩ ዕቅድ ነበር። ለኮሌጅ ተጫዋች የተፈቀደለት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ በአንድ የውድድር ዘመን ከአራት ጨዋታ በላይ ያልተሰለፈ ልጅ ግን ዓመቱ አይቆጠርበትም። ራንዳል አራቱን ተጫውቶ ቢያቆም የመጨረሻ ዓመቱ ይተርፍለታል፤ በጥር ወር በባሕሩ ዳርቻ ወዳለው ኮሌጅ ይዛወራል። የዚያ አሰልጣኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያሰልፈው ለአንቺ በአንደበቱ ነግሮሻል። በአምስተኛው ጨዋታ ግን አንዲት ጊዜ እንኳ ሜዳ ከረገጠ ዓመቱ ተቆጠረ ማለት ነው፤ የኮሌጅ ኳስም በዚሁ ያበቃለታል። ይህን እኔም አውቅ ነበር። ሳታውቅ ነው ብለሽ እንዳታስቢልኝ።

ቅዳሜ የነበረው አምስተኛው ጨዋታ ነው። ሎሬታ በመኪናዋ ወሰደችኝ፤ መኪና ማቆሚያው ላይ የተጠበሰ አምባዛ በልተን ገባን። ራንዳል የተጎዱ ልጆች ስለበዙ መለያውን ለብሶ እንዲቆም ታዞ ነበር። ኮፍያ አድርጓል፤ የራስ ቁሩን ወንበር ላይ ትቶታል። እንደማይገባ ከአሰልጣኙ ጋር አስቀድመው ቃል ተለዋውጠዋል።

ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰው «ተከራዩን አያችሁት? ኮፍያ አድርጎ ባቡር ይጠብቃል!» እያለ ያስቃል። ሎሬታ ዞር ብላ «አንተ ልጅ፣ ባቡሩ ሲመጣ አንተ እንዳትሳፈር፤ አይችልህም» አለችው። ረድፉ ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ራሱም ስቆ የተቀቀለ ለውዙን ከነከረጢቱ ዘረጋልን።

ከፊታችን የተቀመጠችው የኮልቢ እናት ነበረች። ኮልቢ ኳሱን የሚወረውረው ልጅ ነው። ሲወረውር ፊቱን ወደ ቀኝ ስለሚያዞር በግራው በኩል ከጀርባው የሚመጣበትን አያይም፤ ያንን ወገን የሚጠብቅለት ብራንትሊ የሚባል ግዙፍ ልጅ ነው፣ ራንዳልም የብራንትሊ ተቀያሪ ነው። ከእረፍት መልስ ብራንትሊ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደቀ፤ በጋሪ አወጡት።

በቦታው የገባው ዘንድሮ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ነው። የራስ ቁሩን ማሰሪያ መቆለፍ አቅቶት ሌላ ሰው ሲቆልፍለት በመነጽሬ አየሁ። በመጀመሪያው ኳስ ተጋጣሚው ክፍት በር እንዳገኘ ሰው አልፎት ኮልቢን ከጀርባው መታው። ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ። ኮልቢ ቶሎ አልተነሣም፤ ሲነሣም ጎኑን ይዞ ነው። እናቱ የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጠምጥማ ጣቷ ነጭ ሆኖ ነበር። ሎሬታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከመቱት፣ እንደ ብራንትሊ ተቀምጦ አይወጣም፤ ተጋድሞ ነው» አለችኝ።

አሰልጣኙ ወደ ራንዳል ሄደ። ያለውን ራንዳል በኋላ ነግሮኛል፤ «አላዝህም፣ ቃሌ ቃል ነው። ግን ሌላ ሰው የለኝም» ነው ያለው። ያ ወፍራም ሰውዬ ከኋላችን «ተወው ባክህ! ጣራ ሲያፈስ ተከራይ መሰላል አያነሣም!» ብሎ ጮኸ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ራንዳል ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ ዞሮ ወደ እኛ ረድፍ ቀና አለ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለምቀመጥ የት እንዳለሁ ያውቃል።

አሁን የጠየቅሽኝ ላይ ደረስኩ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ሎሬታን ጠይቂያት፤ ከጎኔ ነበረች። እጄን አላነሣሁም፣ ራሴንም አልነቀነቅኩም። ተነሥቼ ቆምኩ። ብዙ ስቀመጥ ጉልበቴ እንደሚደነዝዝ ታውቂያለሽ። በዚያን ሰዓት ሌላው ሰው ሁሉ ተቀምጦ ነበር። ራንዳል ጥቂት አየኝ፤ ከዚያ ኮፍያውን ጣለና የራስ ቁሩን አነሣ።

ጨዋታው እስኪያልቅ አልተቀመጥኩም።

ከዚያ በኋላ ኮልቢን በግራው በኩል የነካው ሰው የለም። ቢሆንም ተሸነፍን። ብናሸንፍ ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ኮልቢ በገዛ እግሩ ሄዶ አጥሩ አጠገብ እናቱን አቀፋት። እሷም ስትመለስ ስሜን እንኳ ሳትጠይቀኝ እጄን ይዛ ቆየች፤ ያንቺን እጅ የያዝኩ መሰለኝ።

ራንዳል ታጥቦ ሲወጣ ጓደኞቹ ከአንድ መኪና ኋላ ሥጋ እየጠበሱ «ተከራዩ! ና ብላ እንጂ፣ ኪራይ አንጠይቅህም!» ብለው ጠሩት። ስሙን አልቀየሩለትም። እሱ ግን እየሳቀ ሄደ።

ሰኞ የባሕሩ ዳርቻው አሰልጣኝ ደወለለት። የቀረው ዓመት ስለሌለ ቦታውን ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ በጨዋ አነጋገር ነገረው፤ መልካም ዕድልም ተመኘለት። ራንዳል ይህን የነገረኝ በዚያው ማታ ደውሎ ነው። ያጣው ነገር ትንሽ ነው ብዬ አልጽፍልሽም። ለእኔ አንድ ዓመት አንድ ዓመት ነው፤ ለእሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሮጥለት የኖረው ነገር ሁሉ ነበር። ያልተቆጠረለትን ትምህርት በሰኔና በሐምሌ እዚህ ከእኔ ጋር ሆኖ ይጨርሳል፤ ሒሳቡን እኔ አስጠናዋለሁ፤ ዲግሪውን ሳይዝ ከዚህ ቤት አይወጣም።

ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «አያቴ፣ እናቴ ከጠየቀችሽ ራሱ ነው የወሰነው በያት። ወደ ላይ ማየቴን አትንገሪያት» አለኝ። እሺ አላልኩትም። ልጁ እንዲህ ያለ ሰው ወጥቶታል፤ ይህንንም እንድታውቂው ብዬ ነው የጻፍኩት።

እባክሽ ደውዪለት። ስለ ጨዋታው አታንሺበት፤ ምን በላህ ብለሽ ጠይቂው።

በሌሊት የምታስታምሚያቸውን ሁሉ እግዚአብሔር በእጅሽ ይፈውስልሽ፤ አንቺንም ሲነጋ በደህና ወደ ቤትሽ ያግባሽ። ልጅሽን የሰው ፊት ከማየት፣ አንቺንም በልጅሽ ከማፈር ይጠብቃችሁ። ያልወጣልሽ ቁጣ ካለ በልጁ ላይ አትጨርሺው፤ ወደዚህ ላኪው። አድራሻውን አይስትም።

እናትሽ